እናቴ ታማለች፣ ጠያቂው ሁሉ ጥቅስ ይዞ ይመጣል። እምነታችን በመከራ ጊዜ በእውነት የሚሰጠን ምንድን ነው?

እህተ_ገብርኤል

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ታማለች። ከደብረ ብርሃን ሪፈር ተጽፎላት መጥታ አዲስ አበባ እኔ ጋር ነው ያለችው። ጨረር ጀምራለች። ቀን ቀን ደህና ትሆንና ማታ ሕመሙ ሲነሳባት ግድግዳውን ይዛ ነው የምታነጋው። ወንድሜ ሥራ ውሎ ማታ ይመጣል። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥቻለሁ።

ጠያቂ አላጣንም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያስቸገረኝ የሚናገሩት ነገር ነው። አንዷ ዘመዳችን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል» አለቻት። ሌላው ደግሞ ወደ ደጅ ጠርቶኝ «ንስሐ ያልገባችበት ነገር ካለ ጠይቂያት» አለኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ኪዳን ሳታደርስ ወደ ሥራ የማትሄድ ሴት ናት። ሳትሰማው አልቀረችም፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ትናንት ደግሞ አንድ ጎረቤት ጨረሩን አቋርጣችሁ ጸበል ውሰዷት አለን።

እምነቴን አልተውኩም፣ እንዳይመስላችሁ። ግን ሰው በሥቃይ ላይ እያለ ክርስትና ይዞለት የሚመጣው ነገር ምንድን ነው? ስብከት አትጻፉልኝ። ያለፋችሁበት ካላችሁ የጠቀማችሁን ንገሩኝ።

የጉለሌው

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አባቴ ሲታመም ጥቅስ የነገረኝን ሰው ሁሉ ረስቼዋለሁ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ግን ሌሊት እየመጣ «አንተ ትንሽ ጋደም በል፣ እኔ አለሁ» ይለኝ ነበር። እሱን እስክሞት አልረሳውም።

መምህረ_ሰንበት

እህተ ገብርኤል፣ ስብከት አትጻፉ ብለሻል፣ ግን እናትሽ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ካሉ መልስ ያስፈልጋቸዋል፣ መልሱም አለ። ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አንብቢላቸው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ነው ኃጢአት የሠራው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ልክ ደጅ ጠርቶሽ እንደጠየቀሽ ሰው። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ከዚያ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው። እነሱ ስለ ሰውየው ሲከራከሩ እሱ ሰውየውን በእጁ ነካው።

የኢዮብ ወዳጆችም እንደዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርገው ነበር፣ ሕመሙ እንደበረታበት አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንድ ቃል የተናገረም አልነበረም። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው። መቼም ሳይበድል እንዲህ አይሆንም እያሉ ምዕራፍ በምዕራፍ እግዚአብሔርን ሲያስረዱለት ኖሩና መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ሲጮህና ሲከራከር የነበረውን ኢዮብን «በቅንነት የተናገረው እሱ ነው» አለላቸው። ስለዚህ ንዴትሽን እንደ ክህደት አትቁጠሪው። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ እናትሽ ራሳቸው ያውቁታል፣ በእኛ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅሶ ነው፣ ሲያልቅም በማጽናኛ አያልቅም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን አቤቱታ ጸሎት ብላ ትደግመዋለች።

«የሚወደውን ይቀጣል» የሚለው ደግሞ ከዕብራውያን 12 ነው። ያ መልእክት በእምነታቸው ምክንያት ለሚሳደዱ ሰዎች እንዲጸኑ የተጻፈ ነው። በሌላ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጠን የሕመሙን ምክንያት እንድንፈርድበት አልተጻፈም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ወረድ ብሎ ምን እንደሚል አንብቡት፦ የላሉትን እጆችና የሰለሉትን ጉልበቶች አቅኑ ይላል። ጥቅሱን የሚጠቅስ ሰው እስከዚያ ድረስ ቢያነብ የሚሠራው አያጣም።

ሲስተር_ነኝ

ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በእኔ በኩል ያለውን ልጨምር።

እናትሽ ምንም አላጠፉም። የማኅፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፣ ቫይረሱ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙ ሴት በሕይወቷ ውስጥ አንድ ጊዜ ይይዛትና ሳታውቀው ይሄዳል። በአንዳንዶቹ ላይ ይቆይና ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ይሆናል። ለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባቱ በአገራችን እየተሰጠ ያለው። ይህን ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። በማያውቁት ጥፋት ራሳቸውን ሲከሱ የሚያድሩ ታማሚዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ያ ከቁስሉ ባልተናነሰ ያማል።

ሌላው፣ ግድግዳ ይዘው ማንጋት የለባቸውም! ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ለካንሰር ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ፣ ሐኪም ያዝዘዋል። ብዙ ቤተሰብ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ሱስ ይሆንባታል ወይም መሞቻዋ ደርሷል ማለት ነው ብሎ ይደብቀዋል። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ እንደዚያ አይደለም። ሕመም ችሎ ማደር ጽድቅ የሚመስላቸው እናቶችም አሉ። ጌታ ራሱ ጽዋው እንዲያልፍለት ጸልዮ የለ? ሕመሙ እንዲቀንስ መፈለግ የእምነት ማነስ አይደለም።

ጸበል_ያዳነኝ

ሁላችሁም ጸበሉን ዘላችሁት አለፋችሁ። እኔ ሐኪም ተስፋ የቆረጠብኝ ሰው ነኝ፣ እንጦጦ ወጥቼ ነው የዳንኩት። ይህን ማንም ሊያስክደኝ አይችልም። ጎረቤትሽ የነገሩሽ ክፋት አስበው አይደለም። ጨረር ያደክማል፣ ጸበል ግን የእግዚአብሔር ነው። ሁለት ልብ አትሁኑ።

ዲያቆን_ዘአራዳ

ወንድማችን፣ ስለዳንክ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምስክርነትህን ማንም አይነካብህም። «ሁለት ልብ አትሁኑ» ያልከው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። በዚህ ቃል ሰው ሞቷል።

የኤድስን ጊዜ አስታውስ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ከየአገሩ የመጣው በሽተኛ ስንት ነበር። በ1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር «ጸበልና ኪኒን አይቀላቀልም» የሚል ወሬ ነበር፣ ጀምረው ያቋረጡም ነበሩ። በ1999 ገደማ ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ አሉ። ከዚያ በኋላ ኪኒናቸውን ይዘው ጸበል የሚወርዱትን ማየት የተለመደ ሆነ። መጽሐፈ ሲራክ 38ን ደግሞ ተመልከተው፦ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ስትታመም ጸልይ ይልና ወዲያው ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። እዚያ ላይ ሁለት ልብ የሚባል ነገር የለም።

እህተ ገብርኤል፣ እናትሽ ጸበል ካማራቸው ጨረሩን ሳታቋርጡ ይቻላል። ግን ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪሙም ንገሯቸው። በባዶ ሆድ ብዙ ጸበል መጠጣት ለደከመ ሰው ይከብዳል። ጾሙም ቢሆን ለታመመ ሰው ግዴታ አይደለም፣ «ጾሜን አልፈታም» ብለው ምግብ እንዳይተዉ የንስሐ አባታችሁ በአፋቸው ይንገሯቸው፣ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ምሥጢረ ቀንዲል ደግሞ ለታመመ ሰው የተሠራ ምሥጢር ነው፣ ከሰባቱ አንዱ። ሰው ለሞት ሲቃረብ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል፣ አይደለም። ያዕቆብ 5 ላይ የታመመ ቢኖር ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ነው የሚለው። ታማሚው ካህናቱን መጥራት መብቱ ነው ማለት ነው። ለምናችሁ የምታገኙት አድርጋችሁ አትዩት።

ሲስተር_ነኝ

ዲያቆን ተባረክ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨረር የሚመታው ቦታ ላይ ቆዳው ስስ ይሆናል፣ ስለዚህ ማሸት አይገባም፣ ቅባትም ቢሆን ሳይጠየቅ እዚያ ቦታ ላይ አይደረግ። ግንባርና እጅ ላይ ችግር የለውም።

ተጠራጣሪው

በአክብሮት ልጠይቅ፣ ለክርክር ብዬ አይደለም። እስካሁን ከተጻፈው ውስጥ የጠቀመው ሌሊት የመጣው ልጅ፣ ሞርፊኑና ነርሷ ናቸው። ይህ ሁሉ ያለ እምነትም ይደረጋል። እናቴ ስታርፍ ድንኳን የተከለውና ሦስቱን ቀን አብሮኝ ያደረው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። መቄዶንያዎች ራሳቸው «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ። ታዲያ ክርስትናው የቱ ጋ ነው የሚገባው?

የወሎ_ልጅ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ እንደገባኝ ልሞክር።

አበበች ጎበናን ታውቃለህ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄዱ፣ እንደማንኛዋም ምእመን። ወሎ ላይ ረሃብ ነበር። መንገድ ዳር የወደቀ ሰው፣ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ነው፣ እሱኑ አደሉት። ከዚያ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ ከሃያ በላይ ሲሆኑ ባልም ዘመድም ወይ እኛን ወይ ልጆቹን አላቸው፣ ቤታቸውን ትተው ወጡ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። በ2013 ሰኔ መጨረሻ ላይ በኮቪድ ሲያርፉ ስንት ሰው «እናቴ» ብሎ እንዳለቀሰ አይተሃል።

በዚያ ዓመት ግሸን የወጣው ብዙ ሰው ነው፣ ሁሉም ያንኑ መንገድ አልፏል። ስለዚህ እምነት በራሱ ሰውን ደግ ያደርጋል አልልህም። ግን እሳቸው ለበረከት የያዙትን ጸበል ለተጠማ ሲሰጡ በረከቱ የቱ ጋ እንዳለ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ማቴዎስ 25 ላይ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ በሽተኛው ቦታ ላይ ራሱን አስቀምጧል። ይህን ያመነ ሰው ሲደክመውም፣ በሽተኛው ሲነጫነጭበትም፣ አመስጋኝ ሲያጣም የሚሄድበት ምክንያት ይኖረዋል። እኔ ደግነት ሲያልቅብኝ የሚያስነሳኝ ይህ ነው። የሙስሊሙ ጎረቤትህ ደግሞ፣ ደጉ ሳምራዊን ማን ምሳሌ እንዳደረገው ታውቃለህ፣ ከወገን ውጭ የሆነውን ሰው ነው።

ሐዋሳ_07

እኔ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ እኛም ጋ ያለውን ቁስል ልናገር። እኛ ጋ «ኃጢአት አለብሽ» አይባልም ይሆናል፣ ግን «ፈውስሽን በእምነት ተቀበዪ» ይባላል፣ ካልዳነች ደግሞ እምነቷ ጎድሎ ነው ይባላል። ታማሚዋ ሕመሙን ተሸክማ በዚያ ላይ ጥፋተኝነቱን ትጨምራለች። አክስቴ በመጨረሻዋ ሰሞን የጸሎት ቡድኑ ሲመጣ የዳነች ለመምሰል ተነስታ ትቀመጥ ነበር፣ እንዳታሳፍራቸው ብላ።

ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም። ጢሞቴዎስን ለሆድህና ዘወትር ለሚያምህ ሕመም ትንሽ ወይን ጠጣ አለው። ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ተውኩት ብሎ በግልጽ ጻፈ። ድውይ የፈወሰ ሐዋርያ እምነት ጎድሎት ነው? ለፈውስ እንጸልያለን፣ እኔም እጸልያለሁ፣ ግን የምንጸልይላት ሴት ፊታችን «ዛሬ በጣም አመመኝ» ለማለት ነጻ ካልሆነች አልረዳናትም።

እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ቢለያይም ለእናትሽ እየጸለይኩ ነው።

ከቤይሩት

አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ሰው ቤት የምሠራ ነኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ መሄድ አልቻልኩም፣ ፓስፖርቴ አሠሪዬ እጅ ነበር። ሥራዬ ላይ እያለሁ በስልክ ነው የተረዳሁት፣ ያን ቀን ምሳ አብስዬ ዕቃ አጥቤ ነው ያደርኩት። እሑድ ስወጣ ሴቶቹ ሰምተው ኖሯል። አንዷ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው፣ ነጠላዬን አዘቅዝቀው አልብሰው፣ እንደ አገር ቤት ልቅሶ ተቀመጡልኝ። ሁሉም የየራሷን ሞት አነሳች። አብዛኞቹ እንደ እኔ ሳይቀብሩ የቀሩ ናቸው። ለተዝካሩ ደግሞ ከደመወዛቸው አዋጥተው ላኩልኝ። «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» የሚለው ለእኔ ያ ቀን ነው።

በ2012 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌባኖስ ብሩ ወድቆ፣ ኮሮና መጥቶ፣ አሠሪዎች ሴቶቹን መኪና ላይ ጭነው ቆንስላው ደጅ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ምግብና ማደሪያ ሲያፈላልጉ የነበሩት እዚሁ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። እነሱም ደመወዝ ያላገኙ ነበሩ። በመከራ ውስጥ ያለ ሰው ሌላውን መርዳት አይችልም የሚል ካለ ያንን ቢያይ ጥሩ ነበር።

ሲስተር_ነኝ

ከቤይሩት የጻፍሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያልሽው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን አስታወሰኝ። ዶክተር ካትሪንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን በእምነታቸው ተነሳስተው የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ለጥቂት ዓመት ኮንትራት መጥተው ቀሩ። ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ፣ ካትሪን እስከ 2020 እስኪያርፉ ድረስ አልሄዱም። በሽተኞቹ በወሊድ የተጎዱ፣ ሽንት የማይቋጥሩ፣ በሽታው ካመጣባቸው ሽታ የተነሳ ባል የፈታቸው፣ ሰው የሸሻቸው የገጠር ሴቶች ናቸው። የሚያስደንቀኝ ግን ታክመው እዚያው የቀሩት ሴቶች ናቸው። ማሚቱ ጋሼ ራሳቸው ታካሚ ሆነው ነበር የመጡት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ እዚያው ቀዶ ሕክምና ተምረው ስንት ሴት አዳኑ፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አሠለጠኑ። 2ኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ እኛ በተጽናናንበት መጽናናት ሌሎችን እንድናጽናና የሚለውን ሳነብ በዓይኔ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አዲስ የገባች በሽተኛ፣ እንደ እሷ ሆና የነበረች ሴት አልጋዋን ስታነጥፍላት ሌላ ማስረዳት አያስፈልጋትም።

የእድር_ጸሐፊ

ይህን ክር ለኮሚቴያችን አንብቤላቸዋለሁ። ችግራችን እዚህ ጋ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ገንዘቡም ይወጣል። ታሞ ስድስት ወር ሲተኛ ግን ደንባችን ላይ የተጻፈ ነገር የለም። በኤድስ ጊዜ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመና ወላጅ ላጣ ልጅ ማውጣት ጀምረው ነበር፣ ከዚያ ብዙው ተቀዛቀዘ። እኛ ሰፈር አሁን በሰንበቴው በኩል ተራ ወጥቷል። ማክሰኞና ዓርብ ሁለት ሰው ይሄዳል። ሲሄዱ ጥቅስ ብቻ ይዘው አይሄዱም፣ አስታማሚው ወጥቶ ጉዳዩን እንዲጨርስ ቦታውን ይይዛሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ውሃ ከጠፋ ይቀዳሉ። ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብሎ ለሥጋው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ መሸኘት ምን ይጠቅማል ያለው ለእኛ የተጻፈ ነው።

እህተ ገብርኤል፣ ሰፈራችሁ የቱ ነው? ያው ከተማው አንድ ነው፣ እድርተኛ ባትሆኑም የሚመጣ ሰው አናጣም።

እህተ_ገብርኤል

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የዮሐንስ 9ን ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለቴ አስደገመችኝ። ሐኪሙን ስለ ሞርፊኑ ጠይቄ ሽሮፑን አዞልናል፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች። የንስሐ አባታችን ከደብረ ብርሃን መምጣት ስለማይችሉ ዲያቆን እንዳልከው እዚሁ አጥቢያ ያሉትን አባት ለቀንዲሉ አነጋግሬ እሺ ብለውኛል። ያቺ ዘመዳችንም እንደገና መጣች። ልትናገር ስትል «እትዬ፣ እስቲ እግሯን እሺልኝ» አልኳት። ዝም ብላ ብዙ ሰዓት አሸችላት። ለካ እሷም የምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

ጸሐፊው፣ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። ሐሙስ ቀን ቢሆን በጣም ይረዳኛል፣ ጨረሩ የሌለበት ቀን ስለሆነ ባንክና ቀበሌ የምሄድበት ነው።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ሽሮፑን ሲያማት ብቻ ነው የምሰጣት ወይስ ዝም ብዬ በሰዓቱ? ደግሞ ሆዷ ደርቋል።

ሲስተር_ነኝ

በታዘዘው ሰዓት ስጫት፣ ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቂ። አንዴ ከተነሳ በኋላ ማስታገስ ይከብዳል። በመሃል ሰብሮ የሚመጣ ሕመም ካለ ሰዓቱንና ምን ያህል እንደቆየ ደብተር ላይ ጻፊው፣ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚያ ነው። ራስሽ ግን እንዳትጨምሪ። ከመጠን በላይ ካንቀላፋች፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ ሳትውዪ ሳታድሪ ይዘሻት ሂጂ። የሆድ ድርቀቱ ከመድኃኒቱ ነው፣ የሚጠበቅ ነው፣ ግን ዝም አይባልም፣ ማለስለሻ እንዲያዝልሽ ነገ ደውዪና ጠይቂ፣ እስከዚያ ውሃ ደጋግመሽ ስጫት። ቀንዲሉ የጨረር ቀን ላይ እንዳይገጥም አባን ንገሪያቸው፣ ከጨረር ስትመለስ በጣም ትደክማለች።

አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው? ሐሙስ የሚመጡት ሰዎች ሲደርሱ ባንኩን ለወንድምሽ ተይለትና መጀመሪያ ተኚ።